የዳልቻ ትርፍ ጥፍር

ባለፈው ሳምንት ልጄ ከጎረቤት አንዲት ቡችላ ታቅፎ መጣ። "እማ፣ ትኑርልኝ" አለ። እኔ ውሻ አልወድም፤ ፍኖተ ሰላም ቤት ከሠራን ጀምሮ ግቢያችን ውሻ ገብቶበት አያውቅም። ልጁ አለቀሰ፣ አባቱ አማለደ፣ ተሸነፍኩ። ለማስከተብ ይዘናት ሄድን። የእንስሳት ሐኪሙ ገና ወጣት ነው። የኋላ እግሯን ብድግ አድርጎ አየና "ቲቸር፣ ይህችን ትርፍ ጥፍር እናንሳላት ወይስ ትቆይ?" ብሎ ጠየቀኝ። መልስ ከመስጠቴ በፊት በጓሮ በኩል የጥጃ ቀንድ ሲተኩሱ ሽታው ገባ። የተቃጠለ ቀንድና የተቃጠለ ጥፍር ሽታቸው አንድ ነው። "እኔን አትጠይቀኝ! እኔ ምን አውቄ!" ብዬ ጮህኩበት። ምስኪን፣ ምን አደረገኝ? ወጥቼ የቆርቆሮ አጥሩን ተደግፌ ቆምኩ። ልጄ ተከትሎኝ ወጥቶ "ምን ሆንሽ?" ይለኛል። ምን ልበለው? ለእሱ ያልነገርኩትን እዚህ ልጻፈው።

ያደግሁት ከጅጋ በእግር ሁለት ሰዓት ገባ ብሎ ካለ መንደር ነው። መንደራችንን ከማዶው የሚለየው ጥቁር ውሃ የምንለው ወንዝ ነው። ክረምት ሲሞላ በሬ ይወስዳል፤ በበጋ ግን ድንጋይ በድንጋይ እየረገጥን እንሻገረዋለን። አያ ፈንቴ የማዶ ሰው ነበሩ። ልጅ አልወለዱም፤ ከባለቤታቸው ከእቴ ብርነሽ ጋር ሁለት ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። በዚያ ዙሪያ ውሻ የወለደችለት ሰው ሁሉ የሚያስጠራው እሳቸውን ነው። ከቡችላው የኋላ እግር የምትንጠለጠለውን ትርፍ ጥፍር ያነሳሉ።

ታዲያ ዝም ብሎ መቁረጥ የለም፣ ሕግ አላቸው። "የፊቷን አትንኳት" ይላሉ። "የፊቷ አጥንት አላት። ውሻ ሲግጥ የሚይዝባት እጁ ናት። የኋላዋ ግን ቆዳ ላይ የተንጠለጠለች ናት፤ ለእሾህ እንጂ ለውሻው አልተፈጠረች።" ጊዜውንም ያውቃሉ። ቡችላው ከተወለደ ሦስት ቀን ካለፈው በኋላ፣ ዓይኑ ሳይገለጥ መሆን አለበት። ዓይኑ ከተገለጠ እንኳን በልመና በግዝትም አይነኩትም። "ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ" ነበር መልሳቸው። ችግሩ በዓል ነው። አያ ፈንቴ በበዓል ቀን ብረት አያነሱም፣ ምላጭም ቢሆን። ስለዚህ ውሻ በወሩ ማለቂያ ከወለደች ጉድ ነው፤ ማርያም፣ ጊዮርጊስ፣ ተክለ ሃይማኖት፣ መድኃኔ ዓለም፣ አማኑኤል፣ በዓለ ወልድ እያሉ በጣታቸው ሲቆጥሩ የሥራ ቀን ይጠፋል።

የእኔም ነገር አለ። ስወለድ ከግራ እጄ ትንሿ ጣት ጎን ትርፍ ጣት ነበረችኝ አሉ። አያ ፈንቴ በፈረስ ጭራ አሰሯት፣ ደረቀችና ወደቀች። የምስር ፍሬ የምታህል ጠባሳ ቀርታለች። እናቴ ይህን የነገረችኝ እንደ ዋዛ ነው። የዘጠኝ ዓመቷ እኔ ግን የገባኝ ሌላ ነው፤ አያ ፈንቴ ጣቴን ወስደው አንድ ቦታ አስቀምጠዋል ብዬ አመንኩ። ቤታቸው በተላክሁ ቁጥር ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ስልቻ ሁሉ በዓይኔ እበረብር ነበር። እቴ ብርነሽ "ምን ጠፋሽ ልጄ፣ ቆሎ ነው?" ብለው እፍኝ ይሰጡኛል። ቆሎውን እየበላሁም ጣቴን እፈልጋለሁ።

በዚያ ዓመት አባቴ ለሰሊጥ ሥራ ሁመራ ወርዶ ስለነበር ቤታችን ውስጥ እኔና እናቴ ብቻ ነበርን። ሰኔ አሥራ ስምንት ቀን ውሻችን መከታ አራት ቡችሎች ወለደች። ሃያ አንድ ማርያም ናት። ሃያ ሁለት አያ ፈንቴ ለቅሶ ሄዱ። ሃያ ሦስት ጊዮርጊስ፣ ሃያ አራት ተክለ ሃይማኖት፣ ሃያ አምስት ወንዙ ሞላ። ሃያ ስድስት ቀን ጠዋት እናቴ የበቆሎ ኩትኳቶ ላይ እያለች ድምፃቸውን ከአጥሩ ውጭ ሰማሁ። "ቤቶች! ኧረ ቤቶች! ዛሬ ካልሆነ አይሆንም፤ ከነገ ጀምሮ እስከ ልደታ በዓል በበዓል ነው፣ እስከዚያ ዓይናቸው ይገለጣል!"

አስቤ አይደለም ያደረግሁት፤ ለማሰብም ጊዜ አልነበረኝም። ከአራቱ አንዱን፣ አመድማውን፣ ብድግ አደረግሁና ጎታው ውስጥ ከተትኩት። ሰኔ ነው፣ ጎታው ባዶ ነው። ክዳኑን መልሼ ወጣሁ።

"ስንት ናቸው?" አሉኝ።

"ሦስት።"

"መከታ ሦስት ብቻ? ዘንድሮ ሰንፋለች።" ሳቁ። ምላጫቸውን ከቆባቸው ውስጥ አውጥተው እሳት አስነድደውኝ ቁጭ አሉ። ቡችሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው የጮኹት፤ እንደ ፈራሁት አልነበረም። ጥፍሮቹን እሳቱ ውስጥ ጣሏቸው። ሽታው ቤቱን ሞላው። በዚህ መሃል ጎታው ውስጥ ያለው ማልቀስ ጀመረ። አያ ፈንቴ ጆሯቸውን አቀኑ። "አይጥ ገብቶባችኋል እንዴ?" አሉ። "አዎ፣ ብዙ ነው" አልኳቸው። "ድመት ፈልጉ እንግዲህ፤ እኔ አይጥ አልቆርጥም" ብለው ተነሱ። እናቴ ማታ ስትመለስ "ቆረጡ? አራቱንም?" አለችኝ። "አዎ" አልኩ። በአንድ ቀን ለሁለት ሰው ሁለት ውሸት። ከዚያ በኋላ የውሻ እግር ማን አገላብጦ ያያል? ሦስቱን ዘመድ ወሰዳቸው። አመድማው ለእኔ ቀረ፣ ዳልቻ አልነው።

የዳልቻን ትርፍ ጥፍሮች የማውቃቸው እኔ ብቻ ነኝ። ከኋላ ተረከዙ ከፍ ብለው፣ ለስላሳ ፀጉር ውስጥ ተደብቀው ይወዛወዛሉ። በጣቴ ነካ ሳደርጋቸው እግሩን ይስባል። የእኔን ወሰዱ፣ የእሱን ግን አስቀረሁ እያልኩ እኮራ ነበር። ቂል ነበርኩ።

ታኅሣሥ ላይ ጤፍ ተወቅቶ ጭድ ስናግዝ፣ ዳልቻ እንደ ልማዱ በማዳበሪያ ጆንያው ላይ ዘለለ። የግራው ጥፍር በጆንያው ክር ተጠለፈ። እኔ ጆንያውን እየጎተትኩ ነበር፤ ጩኸቱን እስክሰማ ሁለት ክንድ ያህል ጎትቼዋለሁ። ጥፍሩ ግማሹ ተገንጥሎ ተንጠለጠለ። በሦስት ቀን አበጠ። በሳምንቱ ሸተተ። ከዚያ ዝንብ ገባበት፣ ከዝንቡ ትል መጣ። እግሩን አንስቶ በሦስት እግር ይሄዳል፣ ሌት ተቀን ይልሰዋል። "ጅጋ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ እንውሰደው" አልኩ። እናቴ ተራ ቁስል መስሏት ሳቀች። "ውሻ አዝለሽ ገበያ ልትገቢ? ኧረ ሰው ይስቅብናል! ገና ይለፍና አያ ፈንቴን እንጠራቸዋለን።"

ገና አለፈ። ጥር ሁለት ቀን ጠዋት አያ ፈንቴ እንደሚመጡ ተነገረኝ። ፈራሁ። ትሉን ካዩ ይቆጡናል ብዬ ነው የፈራሁት፤ የልጅ ፍርሃት መቼም ቦታውን አያውቅም። እናቴ የጥምቀት ልብስ ልታነጣበት እንዶድ ወቅጣ በጣሳ ዘፍዝፋ ነበር። ወንዝ ወርደን ስናጥብ በእንዶድ አረፋ አልቅት ሲሞት አይቻለሁ። አልቅት ከገደለ ትልም ይገድላል አልኩ። ከጣሳው ቀድቼ ቁስሉ ላይ አፈሰስኩለት። ዳልቻ ወዲያው ዞሮ ላሰው። ደጋግሞ ላሰው። መጥፎ ነገር የቀመሰ ይመስል ምላሱን ያወጣል፣ ራሱን ያወዛውዛል፣ ግን መላሱን አይተውም። ጣሳውን መልሼ እንደነበረ ከደንኩት።

አያ ፈንቴ መጡ። ከእሳቸው ጋር የእናቴ ወንድም፣ አጎቴ ስንሻው ዳልቻን ሊይዝ መጣ። አያ ፈንቴ የታመመውን እግር ገልጠው አዩ፤ ቀጥለው ደህናውን አነሱ። እዚያም ጥፍሩ አለ። ቀና ብለው አዩኝ። እናቴ "አያ ፈንቴ፣ ሰኔ ላይ አራቱንም ቆርጠው የለም እንዴ?" አለቻቸው።

መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ከእኔ አነሱና "አርጅቻለሁ እቴ፤ ስቼው ይሆናል" አሏት። በሥራቸው ስተው የማያውቁ ሰው፣ ሰው ፊት ሳትሁ አሉ። ለእኔ ብለው ነው። አጠገባቸው ስንበረከክ በቀስታ "ዓይኑ ሳይገለጥ ቢሆን ቆዳ ነበረች። አሁን ሥር ሰዳለች። እኔ እንዲህ ያለውን አልነካም ነበር፤ ብተወው ግን እግሩን ያጣል። በይ ራሱን ያዥ፣ አንቺን ያምናል" አሉኝ።

አፉን በገመድ አሰሩት። ቢላዋውን እሳት ውስጥ አገላብጠው አወጡት። ያን ጊዜ ነው የዳልቻን አፍ ያየሁት። ከገመዱ ሥር ነጭ አረፋ ይወጣል፣ በአገጩ ይንጠባጠባል፣ እጄ ይንሸራተታል። እንዶዱ ነው፤ ወዲያው ገብቶኛል። ለመናገር አፌን ስከፍት ቢላዋው አረፈ። ዳልቻ ተወራጨ፣ ገመዱ በአረፋው ሙልጭ ብሎ ወጣ፣ የአያ ፈንቴን ቀኝ እጅ ባውራ ጣታቸው በኩል ነክሶ ያዘ።

አጎቴ "አብዷል! አረፋውን እዩ! አብዷል!" ብሎ ፍልጥ አነሳ። አያ ፈንቴ "ተው! እሰረው እንጂ አትግደለው!" ብለው ጮኹ። ጎረቤት ተሰበሰበ። ዳልቻ በሦስት እግሩ አጥሩ ድረስ ሄደ። እዚያ አገኙት። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ጆሮዬን ግን መድፈን አልቻልኩም፤ እጆቼ በአረፋ ተበክለው ነበር። ደመ ከልብ የሚሉት ነገር ምን እንደሆነ ያን ቀን ነው ያወቅሁት።

አያ ፈንቴ እጃቸውን በነጠላ አስረው ተቀምጠዋል። የሰፈሩ ሰው ከቧቸዋል። "ስንት ውሻ ቆርጫለሁ" አሉ። "በሕመም የነከሰኝም አለ። አረፋ የደፈቀ ግን ገጥሞኝ አያውቅም። አብዶ ኖሯል።" ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። እንዶድ ነው ማለት ሦስት ቃል አይሞላም። ግን እንዶድ መርዝ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ውሻውን መርዛ እኚህን ሰው አስነከሰች የሚሉኝ መሰለኝ። አጎቴ እጅ ላይ ያለው ፍልጥ ገና ደሙ አልደረቀም። አረፋውን ከእጄ ላይ በቀሚሴ ጠረግሁ።

በእኛ አገር በእብድ ውሻ የተነከሰ ሰው አርባ ቀን ወራጅ ውሃ አይሻገርም። ከተሻገረ በሽታው ይነሳበታል፣ ውሃ ይፈራል፣ እንደ ውሻው ሆኖ ይሞታል ይባላል። የሚጠራጠር ሰው አልነበረም፤ አያ ፈንቴም አይጠራጠሩም። ቤታቸው ወንዙ ማዶ ነው። ወደ ሐኪም ቤት የሚወስደው መንገድም ያንኑ ወንዝ ይሻገራል። እናቴ "እንግዲህ እኛው ቤት ይቀመጣሉ" አለች። ቄሱ ጠበል በጀሪካን አስመጡላቸው። ለእኔም ሥራ ተሰጠኝ፤ በየማለዳው ጠበሉን በዋንጫ አቀርብላቸውና ሲጠጡ አያለሁ። ሲውጡ ጉሮሯቸውን አያለሁ። ከዚያ ወጥቼ ለእናቴ "ጠጥተዋል" እላለሁ። እሷም ታማትባለች።

እንዴት ልበለው፤ ያንን ጊዜ ወደድኩት። እውነቱ ይኸው ነው፣ ያሳፍረኛል። አባቴ የለም፣ ዳልቻ የለም፣ እሳቸው ግን አሉ። ጠዋት ፊደል ያስቆጥሩኛል፣ ከሰዓት ገመድ መግመድ ያሳዩኛል። ግራ እጄን ይዘው ጠባሳዬን እያዩ "ይህችን ያሰርኳት እኔ ነኝ፤ አልቅሰሽ መንደር አስነስተሽ ነበር" አሉኝ አንድ ቀን። "የት አስቀመጧት ታዲያ?" ብላቸው እስኪያስላቸው ሳቁ። "ጣትሽን? ዶሮ ወስዳት ይሆናላ!"

ሌላው ሰው ግን ይርቃቸው ነበር። እናቴ ዋንጫቸውን ለብቻ ታጥበዋለች። ለቡና የምትመጣ ጎረቤት ደጅ ቆማ ትመለሳለች። አጎቴ አዲስ ገመድ አምጥቶ ከምሰሶው ላይ ሰቀለ። ለጥጃው መስሎኝ "ጥጃችን እኮ ገመድ አለው" አልኩት። "ዝም በይ" አለኝ። ለማን እንደሆነ የነገሩኝ አያ ፈንቴ ራሳቸው ናቸው። "ውሃ የፈራሁ ቀን ለእኔ ነው" አሉ፤ "ጥሩ ገመድ ነው፣ ስንሻው አልሰነፈም።"

ቀኑን የምንቆጥረው በባቄላ ነበር። በየቀኑ አንድ ፍሬ ቅል ውስጥ እጥላለሁ፣ አርባ ሲሞላ ይሻገራሉ። አንድ ቀን ሁለት ፍሬ ሰርቄ በላሁ፤ እንዲቆዩልኝ ነው። ማታ ቅሉን አራግፈው ቆጠሩና "ነገ ገብርኤል ነው። ባቄላውማ ለገብርኤል ገና ሁለት ቀን ይቀረዋል ይላል። ማን ይሆን የበላው?" አሉ። የበዓል ቀን ለሚያውቅ ሰው ባቄላ መስረቅ ምን ያደርጋል?

እቴ ብርነሽ በየሁለት ቀኑ ወንዙ ዳር ይመጡ ነበር። ጉልበታቸው ስለሚያማቸው ድንጋዩን ረግጠው መሻገር አይችሉም፤ በምርኩዝ እየተደገፉ እስከ ዳሩ ደርሰው አንድ ቋጥኝ ላይ ይቀመጣሉ። አያ ፈንቴ በወዲህኛው ዳር ይቀመጣሉ። በመሃላቸው ውሃው አለ።

"ላሟ እንዴት ናት?" ይላሉ እሳቸው።

"ወተቷን ቀንሳለች። አንተን ፈልጋ ነው።"

"ጨው ስጫት። አንቺስ በላሽ?"

"በልቻለሁ። አንተ ውሃ ጠጣህ?"

"ጠጣሁ።"

"ስንት ቀረው?"

"ሃያ አንድ።"

በመጨረሻ እቴ ብርነሽ "በል ግባ፣ ብርዱ መጣ" ብለው ይነሳሉ። በየጊዜው እንዲሁ ነው። እኔ ልብሳቸውን እያቀበልኩ፣ ዶሮና እንቁላል እያሻገርኩ በመሃላቸው እመላለስ ነበር፤ ለእኔ ውሃው አልተከለከለማ። ሲያወሩ መስማት ጨዋታ ይመስለኝ ነበር። ልቅሶ መሆኑን አላወቅሁም።

የካቲት አምስት ቀን፣ ባቄላው ሠላሳ አራት ላይ ሲደርስ፣ አንድ ሰው ከማዶ ተጣራ። "አያ ፈንቴ! እቴ ብርነሽ ታመዋል! ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አልተነሱም!" አያ ፈንቴ ጫማቸውን ሳያደርጉ ወንዝ ወረዱ። እናቴና አጎቴ ተከትለው ያዟቸው። አጎቴ እግራቸው ሥር ወደቀ። "ስድስት ቀን ነው የቀረዎት! በማርያም! ተሻግረው እዚያ ቢታመሙ ለእሳቸውስ ምን ይጠቅማል? ሁለታችሁንም በአንድ ቀን እንቅበር?" አላቸው። እሳቸው ውሃውን አዩ፣ ማዶውን አዩ። ተመልሰው ቁጭ አሉ። ቀኑን ሙሉ እዚያው ዋሉ። የሚያልፈውን ሁሉ "እንዴት ናት?" ይላሉ። "ትንሽ ተሽሏቸዋል" ይሏቸዋል። ውሸት ነበር፤ ከነጋሪዎቹ ፊት ያስታውቃል።

አመሻሽ ላይ ራት ልጠራቸው ወረድኩ። አጠገባቸው ቆምኩ። አሁን እነግራለሁ ብዬ ነበር የሄድኩት፣ መንገድ ሙሉ ቃሉን እየደገምኩ። "አያ ፈንቴ" አልኳቸው። "ወይ ልጄ" አሉ። ፊታቸውን ሳይ ጠፋኝ። ከነገርኳቸው ይሄዳሉ። ከነገርኳቸው ይጠሉኛል። ሁለቱንም አልፈለግሁም። "ራት ደርሷል" አልኩ።

በማግሥቱ ማለዳ ጠበሉን ይዤ ስገባ ዋይታው ከማዶ ተሰማ። አያ ፈንቴ ዋንጫውን ከእጄ ተቀበሉ። ጠጡ፤ እስኪጨርሱ ጠጡ። "እናትሽን ንገሪያት፣ ጠጥተዋል በያት" አሉኝና ወጡ።

ወንዙ ዳር ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው ቆሙ። ቀብሩ ማዶ ካለው ኮረብታ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ሰውን ሁሉ ወዲህ ሆኖ ማየት ይቻላል። የእሳቸው ዓይን ግን ሩቅ አያይም። "አንቺ ልጅ፣ ነይ እዚህ ቁሚ። የምታዪውን ንገሪኝ" አሉ።

"ከቤት ወጡ" አልኩ።

"ቃሬዛውን ከፊት ማን ያዘ?"

"የጎረቤትዎ ልጅ ነው መሰለኝ። ረጅሙ።"

"ደግ። እሱ አይሰናከልም። በምን ሸፈኗት?"

"በነጭ ጋቢ። ጠርዙ ቀይ ጥለት አለው።"

"የእኔ ነው" አሉ። "ለፋሲካ የምለብሰው።"

ቄሶቹ ከፊት ሄዱ፣ ጥላ ተዘረጋ። ዳገቱ ላይ ሦስት ጊዜ አሳረፏቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው። "አሁን ግቢው ውስጥ ገቡ። ዛፉ ጋረዳቸው። አይታዩኝም" አልኩ። እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ምን እንዳደረግሁ ገባኝ። ልጅ ነበርኩ ማለት እችላለሁ፤ ነበርኩም። ግን ገብቶኛል።

ሰዉ ከቀብር ተመልሶ ኮረብታውን ሲወርድ፣ ነጠላው በየአቅጣጫው ሲበታተን ነው የተናገርኩት። ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገርኳቸው። ጎታውን፣ "ሦስት" ያልኩትን፣ ትሉን፣ ጣሳውን፣ መላሱን። "አላበደም አያ ፈንቴ። እንዶድ ነው። አረፋው የእንዶድ ነው።"

"እንዶድ" አሉ።

"አዎ።"

"አንቺ ነሽ የቀባሽው?"

"አዎ።"

"ሌላ ሰው ያውቃል?"

"ማንም አያውቅም።"

ይመቱኛል ብዬ ጠበቅሁ። እንዲመቱኝም ፈልጌ ነበር። ጎንበስ ብለው ከወንዙ ውሃ በተነከሰው እጃቸው ዘገን አደረጉ፣ ፊታቸውን አበሱ። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ፣ ያለ ቁጣ፣ አንድ ነገር ብቻ አሉኝ።

"ትናንት ማታ ብትነግሪኝ እኮ እሻገር ነበር።"